በአባቱ ወንበር

የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ማራገቢያ አየሩን ከማቀዝቀዝ ይልቅ ዝንቦቹን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ያዘዋውር ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የሬታማ ሰፈር ሰዎች ሐብሐብ በጨውና በበርበሬ እየበሉ፣ ጎማ ጠጋኙ ቹይ ሸሚዙ ውስጥ ትራስ ወትፎ የአውራጃውን ኮሚሽነር ዶን ሴቬሪያኖ ትሬቪኞን መስሎ ሲንጎራደድ እያዩ ይስቃሉ።

«ቦይ? የምን ቦይ?» አለ ቹይ ትራሱን እየደበደበ። «ውሃው በዛ ካላችሁ ዳክዬ ግዙ!»

ሁሉም ሳቀ። ያልሳቀችው ጠረጴዛው ፊት የቆመችው ኦዲልያ ካንቱ ብቻ ናት። በእጇ የያዘችው ወረቀት በላብ ረጥቧል።

ነገ ከቅዳሴ በኋላ እውነተኛው ዶን ሴቬሪያኖ እዚሁ አዳራሽ ይመጣሉ። የሰፈሮች ኅብረት ሹማምንትን የሚጠይቅበት የራሱ ወግ አለው። ንግግር የለም፤ ልመናም የለም። ከሰፈሩ አንድ ሰው ይቆማል፤ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ሹሙም በሕዝብ ፊት «አዎ» ወይም «አይሆንም» ይላል። ወሬ ካበዛ ማይክራፎኑ ይዘጋበታል። ስለዚህ ዋዜማውን ልምምድ አለ። አንዱ ሹሙን ይሆናል፤ ጠያቂዋም እስክትለምደው ድረስ ትጠይቀዋለች።

የኦዲልያ ጥያቄ አጭር ነበር። በሰኔ የወረደው ዝናብ ሬታማ ላይ እንደተኛ ቀርቷል። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ከመጠጥ ውሃው ተቀላቅሎ ሕፃናቱ ተራ በተራ በሆድ በሽታ ወድቀዋል። የጎርፍ መውረጃው ቦይ በዘንድሮው በጀት ይገባል ወይስ አይገባም?

ጠያቂ ሆና ስትመረጥ እጁን ያላነሳ ሰው አልነበረም። ዛሬ ቢሆን ስንት እጅ እንደሚነሳ ግን እርግጠኛ አልነበረችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሚሽነሩ አንድ ወንድ ልጅ አላቸው፤ አቤላርዶ ይባላል፤ ሁሉም ላሎ ይለዋል። ሩቅ ኦስቲን ከተማ ሕግ ይማራል። ጎርፉ የመጣ ሰሞን ለእረፍት ቤቱ ነበርና የመጠጥ ውሃ በሚያከፋፍለው የመንግሥት መኪና ላይ ሆኖ ሬታማ ደረሰ። ኦዲልያ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ቆማ፣ «ውሃ ማምጣቱን ተዉትና ያለንን ውሰዱልን» አለችው። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። በማግስቱ የውሃ መምጠጫ ሞተር ከየትም ከየትም ተውሶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ያለ ሞተርም፣ ያለ ምክንያትም መምጣት ጀመረ። አመሻሽ ላይ የመኪናው ኋላ ተቀምጠው እግራቸውን እያወዛወዙ ያወሩ ነበር። ብዙ ጊዜ ደግሞ አያወሩም ነበር። እሱ ያያታል፤ እሷ መንገዱን ታያለች፤ እሱ መንገዱን ሲያይ እሷ ታየዋለች።

ከእነዚያ ምሽቶች በአንዱ የሰፈሩን ምስጢር ለላሎ አወጣች። የሬታማ ሰዎች የጓሯቸውን ውሃ በጠርሙስ ይዘው በማለዳ ኮሚሽነሩ ቢሮ ሊገቡ፣ ጠርሙሶቹንም ጠረጴዛቸው ላይ ሊደረድሩ ተማክረው ነበር። በማግስቱ ሲደርሱ በሩ ተቆልፏል፤ ፖሊሶች ቆመዋል፤ ኮሚሽነሩ «አደን ሄደዋል»። እናቶች ያንን የሚሸት ውሃ እንደታቀፉ ፀሐይ ላይ ቆመው ተመለሱ። በመመለሻው አውቶቡስ ኦዲልያ አጠገብ ማንም አልተቀመጠም።

ላሎ ደብዳቤ በቹይ በኩል ላከ። ሳትከፍት መለሰች። ሌላም ላከ፤ እሱንም መለሰች። ብትከፍተው ይቅር እንደምትለው ስለምታውቅ ነበር።

«ኦዲልያ፣ ድምፅሽ!» አሉ ዶኛ ሆቪታ። የኅብረቱ ሰብሳቢ ናቸው። ሐብሐብ ማሸጊያ ቤት ከማሽኑ ጫጫታ በላይ ሲጮሁ የኖሩ በመሆናቸው ሹክሹክታቸው እንኳ እስከ ውጭ ይሰማል። «ለራስሽ ነው እንዴ የምትጠይቂው? እንደገና!»

ኦዲልያ አፏን ስትከፍት የአዳራሹ በር ተከፈተ። ላሎ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ገባ።

ሐብሐብ የሚያኝክ መንጋጋ ሁሉ ቆመ። ቹይ ብቻ በትራሱ ሆድ ወደ በሩ ዞሮ እጁን ዘረጋ። «ልጄ መጣ! ምሳ በልተሃል?»

አንድ ሁለት ሰው ሊስቅ ቃጣውና ተወው።

«ደግሞ ምን ልትሰልል መጣህ?» አሉ ዶኛ ሆቪታ።

«ልምምድ እንዳለ ሰምቼ ነው።» ላሎ ወደ ኦዲልያ አላየም። አለማየቱ ከማየቱ የበለጠ ተሰማት። «ዶኛ ሆቪታ፣ አባቴ ቹይ እንደሚጫወተው አይደለም። አይጮህም፤ አይሳደብም። ቢጮህማ ቀላል ነበር። ለሚጮህ ሰው ተዘጋጅታችሁ ከመጣችሁ ነገ አለቀላችሁ።»

«እኔስ ለአባትህ ብዬ ነው ትራሱን ያወፈርኩት» አለ ቹይ።

«ወንበሩን ስጡኝና እኔ ልሁን።»

«አባትህን ልትሸጥልን?»

ላሎ ባርኔጣውን አዟዟረው። «አልሸጥም። ነገ ምን እንደሚል አልጠየቅኩትም፤ ቢነግረኝም አልነግራችሁም። እኔ የማውቀው ሰውየውን ነው። ከእሱ ጋርማ ሃያ ሦስት ዓመት ምሳ በልቻለሁ።»

ዶኛ ሆቪታ ዞሩ። «ኦዲልያ፣ የምትቆሚው አንቺ ነሽ። አንቺ ወስኚ።»

ሂድ ልትለው ፈለገች። ይህን ቃል ማታ ማታ በሐሳቧ ብዙ ጊዜ ብላዋለች፤ ጥሩ አድርጋም ብላዋለች። «ይቀመጥ» አለች ወረቀቷን እያየች።

ቹይ ወንበሩን ለቀቀ። ላሎ ሲቀመጥ ትከሻው ሰፋ፤ አገጩ ትንሽ ዝቅ አለ፤ ጣቶቹ ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብለው ተጣመሩ። ከኋላ አንዲት አሮጊት፣ «ወይ ጉድ፣ ሰውየው እኮ ነው» አሉ።

«ዶን ሴቬሪያኖ፣» ብላ ጀመረች ኦዲልያ፣ «እኔ የሬታማ ሰፈር ነዋሪ...»

ሳትጨርስ ተነሣ። ጠረጴዛውን ዞሮ መጣና እጇን በሁለት እጁ ያዘ። «አንቺ የፔትራ ልጅ አይደለሽ? የሐብሐብ ጫኙ የሆዋኪን ልጅ? ነፍሱን ይማረውና፣ ያን የመሰለ ጫኝ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። እናትሽ ጉልበቷ እንዴት ሆነላት?»

«ተሽሏታል፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ማታ ማታ ያማታል ወይስ ሲነጋ?»

«ሲነጋ ነው የሚብስባት» አለች ኦዲልያ። የአባቷ ስም ሲጠራ ወረቀቷን ማየት ረስታ ነበር። ጥያቄው የት ገባ? ወረቀቱ በእሱና በእሷ እጅ መካከል ተጨፍልቋል።

ዶኛ ሆቪታ ጠረጴዛውን መቱ። «በቃ! ሹሙ ሳይጠየቅ ቤቱ ገባ። ቦያችንም አብሮት ሄደ።»

ማንም አልሳቀም። ኦዲልያ እጇ ገና በእጁ ውስጥ እንዳለ ያወቀችው ያኔ ነው። መንጭቃ አወጣችው። መዳፏ ግን ሙቀቱን ይዞ ቀረ፤ ለዚያ ሙቀት ራሷን ጠላች።

«እንደገና» አለች።

ሁለተኛ ጊዜ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ቆመች። ላሎ ተነሥቶ መጣ፤ እጆቿን ሲያጣ ቆመ። በአባቱ አኳኋን ተነፈሰ።

«ልጄ፣ ለሌላ ሰው መልስ መስጠት ይቀለኛል፤ ለአንቺ ግን ይከብደኛል። በቤቴ ያለውን ታውቂ የለ? ልጄ ላሎ በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆኗል። ምሳ ይቀርብለታል፤ ሹካውን ያነሣል፤ መልሶ ያስቀምጠዋል። እናቱ ምን ሆንክ ስትለው ሙቀቱ ነው ይላል።»

 ቹይ ትራሱን ከሸሚዙ አውጥቶ እንደ ሕፃን ታቀፈው።

ኦዲልያ ይህ ልምምድ እንዳልሆነ ገባት። ልምምድ ነው ብላ ብትተወው ግን መናገር የምትችልበት ሌላ ቀን እንደሌላትም ገባት። ሰውየውን እርስዎ ማለት ነበረባት፤ እርስዎ ማለቷም ጠቀማት።

«ልጅዎ ቢርበው እኔ ምን ላድርግ?» አለች። «አምኜ የነገርኩትን ለእርስዎ ነገረብኝ። የሰፈሬን እናቶች በር ላይ አስቆመብኝ።»

የላሎ ፊት ለአፍታ የላሎ ሆነ። ከዚያ እንደገና የአባቱን ዝግታ ለበሰ። «ልጄ አንዲት ቃል አልነገረኝም። በደብዳቤ ሊያስረዳሽ ሞክሮ ነበር፤ ማንበብ አልፈለግሽም። ጠርሙስ ይዛችሁ እንደምትመጡ የነገረችኝ ባለቤቴ ናት። ያን ዕለት ከጸሎት እንደተመለሰች።»

«ከየት እንደተመለሰች?» አሉ ዶኛ ሆቪታ።

«ከመቁጠሪያ ጸሎት። የዘጠኝ ቀን ጸሎት ይዛ ነበር፤ እዚሁ እናንተ ቤተ ክርስቲያን።»

በመጀመሪያ አንድ ራስ ዞረ። ከዚያ ሌላ። በመጨረሻም የአዳራሹ ዓይን ሁሉ ሐብሐብ ሳህኑ አጠገብ ተቀምጠው በነበሩት በኦዲልያ እናት በዶኛ ፔትራ ላይ አረፈ። የመቁጠሪያ ጸሎቱን መሪ እሳቸው ናቸው።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አሉ ዶኛ ፔትራ። «እኔ ለሰው አልተነፈስኩም!»

«ፔትራ» አሉ ዶኛ ሆቪታ በቀስታ።

«ለሰው አልተነፈስኩም አልኩሽ! የልመና ሰዓት ሲደርስ፣ ነገ ማለዳ የጓሮ ውሃቸውን በጠርሙስ ይዘው ኮሚሽነሩ ቢሮ ለሚሄዱት የሬታማ ልጆች ብዬ ለድንግል ማርያም አሳሰብኩ። ለእሷ ነው የነገርኳት።»

«ጮክ ብለሽ?»

«ታዲያ በሹክሹክታ ይለመናል?»

«ሰዓቱንም ነገርሻት?»

«በስንት ሰዓት እንደምትጠብቀን ትወቅ ብዬ ነዋ!»

«የኮሚሽነሩ ሚስት የት ተንበርክከው ነበር?»

ዶኛ ፔትራ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። «ከኋላዬ። አሜን አለች እኮ! ከሁሉም ይልቅ ጮክ ብላ አሜን ያለችው እሷ ናት።»

መጀመሪያ የሳቀው ቹይ ነው። ከዚያ አዳራሹ ፈነዳ። ዶኛ ሆቪታ እንባቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ፣ «ድንግልንም ኅብረት ውስጥ አስገብተን ምስጢር መጠበቅ እናስተምራት» አሉ። በአውቶቡሱ ላይ ከኦዲልያ ሸሽታ የተቀመጠች ሴት መጥታ ትከሻዋን ነካ አድርጋ ሄደች። ይቅርታ መሆኑ ነው።

ኦዲልያ ግን አልሳቀችም። ላሎም አልሳቀም። በአባቱ ወንበር ተቀምጦ ያያት ነበር። ቁጣ ፊቱ ላይ ፈለገች፤ የለም። ቢኖር ይሻላት ነበር። የመለሰቻቸው ፖስታዎች፣ የእጅ ጽሑፉን እንኳ ላለማየት ገልብጣ የሰጠቻቸው፣ አንድ በአንድ ትዝ አሏት። 

አሁን ይቅርታ ጠይቃ ብትወጣ የሚወቅሳት አልነበረም። የተጨማደደውን ወረቀት ዘረጋችው። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች።

«ዶን ሴቬሪያኖ» አለች። ድምፅዋ ሳይጮህ ከጥግ እስከ ጥግ ደረሰ። «ልጅዎን በድየዋለሁ። እወደዋለሁም። ይህን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እላለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ግን ዛሬ የቆምኩት ስለ ልጅዎ ልጠይቅዎ አይደለም። ልጅዎን ቢሰጡኝም ቢነፍጉኝም ጥያቄዬ ያው ነው። ቦዩ በዘንድሮው በጀት ይገባል? አዎ ወይስ አይሆንም?»

ላሎ አፉን ከፈተ። የአባቱ ድምፅ አልመጣለትም። ትከሻው ወደ ራሱ ትከሻ ተመለሰ።

«አባቴ ምን እንደሚል አላውቅም» አለ። «እኔ ግን...»

«አንተን ማን ጠየቀህ!» አሉ ዶኛ ሆቪታ። ድምፃቸው ግን እንደወትሮው አልነበረም፤ አፍንጫቸውን መናፈጥ ነበረባቸው። «ልምምዱ አልቋል። ሐብሐቡን ጨርሱና ወንበር ደርድሩ።»

ኦዲልያ ያገኘችው ወንበር ላይ ተቀመጠች።  ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ትከሻና ክርን በላይ የላሎ ዓይኖች አገኟት። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን የምትጥልበት መንገድ አጣችና፣ ሳትሸሽ መልሳ አየችው።

እሑድ አዳራሹ ሞልቶ በመስኮት የሚያዩ ነበሩ። እያንዳንዱ ሰፈር ስሙ በተጻፈበት ካርቶን ሥር ተቀምጧል። ዶን ሴቬሪያኖ ከባለቤታቸው ጋር ከፊት ተቀመጡ። ላሎ የሚቀመጥበት ካርቶን አልነበረውም፤ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

ኦዲልያ ስትጠራ ወደ ማይክራፎኑ ሄደች። «ዶን ሴቬሪያኖ፣ እኔ የሬታማ ሰፈር ነዋሪ...»

ኮሚሽነሩ ተነሡ። ጠረጴዛውን ዞሩ፤ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ ፊታቸው በእውነተኛ ደግነት ተሞልቶ መጡ። ከሬታማ ካርቶን ሥር ማጉረምረም ተሰማ፤ የሚያውቁት ዘፈን ሲጀመር ሰው እንደሚያጉረመርመው ዓይነት። ኦዲልያ እጆቿን ወደ ኋላ አጣመረች።

ሰውየው ቆሙ። የተዘረጉ እጆቻቸውን አዩ፤ ፈገግ ያለውን ሕዝብ አዩ። ሞኝ ሰው አልነበሩም።

«ማነው ያስጠናችሁ?» አሉ።

ሁሉም ዓይኑን ወደ ወለሉ ጣለ። ቹይ እንኳ ጫማውን ያይ ነበር።

«እኔ ነኝ፣ አባዬ» አለ ላሎ ከኋላ።

አባት ልጁን ለረጅም ጊዜ አየ። ያኔ ኦዲልያ ሁሉንም ያጣች መሰላት፤ ቦዩንም፣ ላሎንም፣ ላሎ የሚገባበትን ቤትም። ኮሚሽነሩ ወደ እሷ ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል።

«እንዴት አድርጎ ተጫወተኝ?» አሉ። ለሕዝቡ አልነበረም፤ ለእሷ ብቻ ነው።

ይህ ጥያቄ በልምምዱ አልነበረም። ወረቀቷ ላይም መልስ የለውም። «እንደሚወድዎት ሰው ሆኖ ነው የተጫወተው» አለች።

 ዶን ሴቬሪያኖ እጃቸውን ከሱሪያቸው ኪስ ከተቱት፤ ምን እንደሚያደርጉበት ጠፍቷቸው ይመስል ነበር።

«ጥያቄዬን ልጨርስ» አለች ኦዲልያ። «የሬታማ ቦይ በዘንድሮው በጀት ይገባል? አዎ ወይስ አይሆንም?»

«ልጄ፣ የበጀት ነገር እንዲህ በቀላሉ...»

የቹይ እጅ ወደ ማይክራፎኑ ማጥፊያ ሄደ። ዶን ሴቬሪያኖ እጁን አዩት። ባለቤታቸውን አዩ፤ ዶኛ ኤልቪራ ዓይናቸውን ከመቁጠሪያቸው አላነሡም፤ ከንፈራቸው ግን ይንቀሳቀስ ነበር።

«አዎ» አሉ።

«አልሰማንም!» አለ ከመስኮቱ ውጭ አንድ ድምፅ።

«አዎ አልኩ! ይገባል!»

ጭብጨባው እንደ እርሻ ማሳ ሠራተኞች ወግ በዝግታ ጀመረ፤ አንድ እጅ፣ ሌላ እጅ፣ ከዚያ እየፈጠነ፣ እየወፈረ፣ ወለሉ እስኪንቀጠቀጥ። በዚያ ጩኸት ሥር ኮሚሽነሩ ወደ ኦዲልያ ጎንበስ አሉ።

«በሌላው ጉዳይ ግን ቃል አልሰጠሁም።»

«እሱን አልጠየቅሁዎትም» አለች።

ቀና ብለው አዩዋት። ቁጣ ነው ወይስ አክብሮት መለየት አልቻለችም፤ ምናልባት እሳቸውም አልለዩትም። ባርኔጣቸውን አድርገው ሲወጡ በልጃቸው አጠገብ አለፉ። አላናገሩትም። ግን ሲያልፉ ትከሻውን ነክተውት አለፉ።

ከሰዓት በኋላ ላሎ ዶኛ ፔትራ ፊት ቀርቦ እስከ ቤታቸው ድረስ አብሯቸው እንዲሄድ ፈቃድ ጠየቀ። ዶኛ ፔትራ ከላይ እስከ ታች አዩት። ጸሎታቸው ያመጣው ጣጣ ስለነበረ መከልከል አልሆነላቸውም።

«እኔ መሐል እሆናለሁ» አሉ። «አንተ በዚህ፣ እሷ በዚያ። ደንብ ነው።»

እንዲሁ ሄዱ። መንገዱ ገና ጭቃ ነበር፤ ውሃው ጎንና ጎን ተኝቶ ሰማዩን ይዞታል። ዶኛ ፔትራ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ዶኛ ኤልቪራ አሜን፣ ቦዩ በየት በኩል ቢያልፍ እንደሚሻል ያለ ዕረፍት ያወሩ ነበር። ላሎ «አዎ፣ እሜቴ» ይላል።  አባቱ ነገ በሩን ይዘጉበት እንደሆነ፣ ነሐሴ ሲያልቅ ኦስቲን ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ኦዲልያ ምንም አታውቅም ነበር።

ዶኛ ፔትራ ግን አጭር ሴት ናቸው። ከጫማቸው እስከ ሻሻቸው ቢለኩ እንኳ ሁለት ረዣዥም ልጆችን መጋረድ አይችሉም። ላሎ በሻሹ ላይ አሻግሮ አያት።

«ፊት ፊታችሁን እያያችሁ ሂዱ፤ ጭቃ ውስጥ ትወድቃላችሁ!» አሉ ዶኛ ፔትራ ሳይዞሩ።

ማናቸውም ፊት ፊታቸውን አላዩም። የኦዲልያ ጫማ በጭቃ ከብዷል፤ ልቧ ግን ያን ቀን ክብደት አልነበረውም።